ቀደርን መሸሸጊያ ያላደረጉት ዓሊም

 

በእኛ በሙስሊሞች አንደበት ላይ ቀደር የሚለው ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደሚነሳ የቆጠረ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሹፌሩ ያለ ልክ እየነዳ ሰው ይገጫል፤ ቀደር ነው ይባላል። ነጋዴው ዕቃውን በዱቤ በትኖ፣ ሒሳቡን ሳይዝ ከርሞ ሲከስር ቀደሬ ነው ይላል። አባት ልጁን ሳይመክርና ሳያስቀራ አሳድጎ፣ ልጁ ሲበላሽበት ከአላህ የመጣ ነው ብሎ እጁን ያጣጥፋል። በሌላ በኩል፣ ዱዓ አድርግ ሲባል ሁሉም ነገር አስቀድሞ የተጻፈ ከሆነ የእኔ ዱዓ ምን ይለውጣል ብሎ የሚጠይቅ አለ። ከተማርነው መካከል ደግሞ አላህ አእምሮ ሰጥቶናል፣ ቀሪው የራሳችን ሥራ ነው፣ ዱዓ ልብን ከማጽናናት አያልፍም የሚል አይጠፋም። ይህንን የመጨረሻውን ሐሳብ በዩኒቨርሲቲ ቆይታዬ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ዛሬም ቢሆን በጋዜጠኝነት ሥራዬ ከማገኛቸው ወጣቶች እሰማዋለሁ።

እነዚህ ሰዎች የሚለያዩት በቃላት አጠቃቀም ብቻ አይደለም። የሚለያዩት ስለ አላህ ባላቸው ግንዛቤ ነው። የመጀመሪያው ሰው አላህን የሚያስበው ወንጀልን አዝዞ ወንጀለኛውን እንደሚቀጣ ገዥ አድርጎ ነው፤ ወደዚህ ድምዳሜ የሚወስደው መሆኑን ግን አላስተዋለም። ሁለተኛው አላህን ጽፎ እንደጨረሰና ከዚያ በኋላ እንደማይሰማ አድርጎ ይስለዋል። ሦስተኛው ደግሞ ዓለምን ሠርቶ ለባሮቹ እንዳስረከበና ራቅ ብሎ እንደተቀመጠ ይገምታል። ሦስቱም ሙስሊሞች ናቸው፤ ሦስቱም ይሰግዳሉ። ነገር ግን የመጀመሪያው ጥፋቱን አያምንም፤ ሁለተኛው አይለምንም፤ ሦስተኛው ቢለምንም ከልቡ አይደለም።

ይህ ጥያቄ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በመጀመሪያው የሂጅራ ክፍለ ዘመን ሙስሊሞችን አከራክሯል፤ ደምም አፋስሷል። በዚያ ክርክር መሀል ቆመው የኖሩ አንድ ታላቅ ታቢዒ ነበሩ። እርሳቸውም ሐሰን አል-በስሪ (ረሒመሁላህ) ናቸው። ስለ ዙህዳቸውና ስለ ምክራቸው ብዙዎቻችን እናውቃለን። ገዥዎች በደላቸውን በአላህ ቀደር ሲሸፍኑ እምቢ ያሉ፣ ያም ሆኖ ከዱዓ ያልተለዩ ሰው መሆናቸው ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። በዚህ ጽሑፍ ሕይወታቸውን ከዚህ አንጻር ለማሳየት እሞክራለሁ።

የኡሙ ሰለማ ቤት

ሐሰን የተወለዱት በመዲና ከተማ በ21 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ642) ሲሆን፣ ይህም የኸሊፋው ኡመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) የአስተዳደር ዘመን ሊጠናቀቅ ሁለት ዓመት ገደማ ሲቀረው ነው። አባታቸው የሳር ሙስሊሞች ደቡብ ኢራቅን ሲከፍቱ መይሳን ከሚባለው አገር ተማርከው የመጡና በኋላ ነፃ የወጡ ሰው ናቸው። እናታቸው ኸይራ ደግሞ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባለቤት የኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) አገልጋይ ነበሩ። እንግዲህ በኋላ ዘመን ኸሊፋዎች ደብዳቤ የሚጽፉላቸው ዓሊም የምርኮኛ ልጅ ናቸው ማለት ነው።

የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ ኸይራ ለጉዳይ ሲወጡ ሕፃኑ ካለቀሰ ኡሙ ሰለማ ራሳቸው ያባብሉትና ጡታቸውን ይሰጡት ነበር። በነቢዩ ባልደረቦች ዘንድም እየወሰዱ ዱዓ እንዲያደርጉለት ይጠይቁ ነበር። ኡመርም በሃይማኖቱ አዋቂ፣ በሰዎችም ዘንድ ተወዳጅ እንዲሆን አላህን እንደለመኑለት ይነገራል። የሐሰን ሕይወት የተጀመረው በዱዓ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እዚህ ላይ እኛን ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ የሚነካ ነገር አለ። ኡሙ ሰለማ ከመጀመሪያ ባላቸው ከአቡ ሰለማ ጋር ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ሙስሊሞች አንዷ ናቸው። ስለ ነጃሺ ፍትሕና ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ በፊቱ ስላደረጉት ንግግር ዛሬ የምናውቀውን ዘገባ ያስተላለፉልን እርሳቸው ናቸው። በዚሁ ዘገባቸው እንደተረኩት፣ በነጃሺ ላይ ዙፋኑን የሚሻ ተቀናቃኝ ተነሳበት። ስደተኞቹም በጣም ተጨነቁ፤ መብታቸውን የማያውቅላቸው ሰው እንዳይነግሥ ፈሩ። ነጃሺ ድል እንዲያደርግም አላህን ለመኑ። ነገር ግን ለምነው ብቻ አልተቀመጡም። የጦርነቱን ሁኔታ አይቶ የሚመጣ ሰው ሲፈለግ፣ በዕድሜ ከሁሉም የሚያንሱት ዙበይር ኢብኑል ዐዋም ተነሱ። አቁማዳ ተነፍቶ ተሰጣቸው፤ በእርሱ ተንሳፈው የዓባይን ወንዝ ተሻገሩና የነጃሺን ድል አይተው የምሥራች ይዘው ተመለሱ።

ዱዓና ሥራ አብረው የሚሄዱ እንጂ አንዱ ሌላውን የሚተካ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ለማግኘት ይከብዳል። ይህንን ታሪክ ይተርኩ የነበሩት እናት ሐሰንን በልጅነታቸው ካቀፏቸው እናቶች አንዷ ናቸው። ሐሰን ከዚያ ቤት ምን ይዘው እንደወጡ በኋላ ሕይወታቸው ራሱ ይናገራል።

በስራ

ሐሰን 14 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው በ35 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ656) ኸሊፋው ዑስማን (ረ.ዐ.) በመዲና ተገደሉ። የሙስሊም ደም በሙስሊም እጅ ሲፈስ በልጅነታቸው የደረሰባቸው ሰው በዕድሜያቸው ሙሉ ከእርስ በርስ ጦርነት ቢሸሹ አይገርምም። ጥቂት ቆይተውም የሲፊን ጦርነት ካለፈ በኋላ ወደ በስራ ሄዱ። በስራ ያኔ ገና በኡመር ዘመን የጦር ሠፈር ሆና የተቆረቆረች፣ የዐረብ ጎሣዎችና ነፃ የወጡ ፋርሳውያን ተቀላቅለው የሚኖሩባት፣ ሀብትም ኩርፊያም የሞላባት ከተማ ነበረች። በወጣትነታቸው ወደ ምሥራቅ ዘምተዋል፤ የኹራሳን ገዥ የነበረው የረቢዕ ኢብኑ ዚያድ ጸሐፊ ሆነውም ሠርተዋል። መንግሥትን ከውጭ ብቻ ሳይሆን ከውስጥም ያውቁታል ማለት ነው።

ከዘመቻ ተመልሰው በበስራ መስጂድ ማስተማር ሲጀምሩ ሰው ተሰበሰበባቸው። ተፍሲር የሚፈልገው፣ ፊቅህ የሚፈልገው፣ ልቡ የደረቀበት ሁሉ ወደ እርሳቸው ይመጣ ነበር። ጥያቄው ግን ከኪታብ ብቻ የሚነሳ አልነበረም። ከአደባባይ የሚነሳ ነበር።

የገዥዎቹ ቀደር

የኡመያ ገዥዎች ሥልጣን በጉልበት የተያዘ መሆኑን ሕዝቡ ያውቃል። ደም ሲያፈሱና የሕዝብን ገንዘብ ሲወስዱ ደግሞ በዓይኑ ያያል። ታዲያ ለዚህ የሚሰጠው መልስ ምን ነበር? ሥልጣኑን የሰጠን አላህ ነው፤ የምንሠራውም ሁሉ እርሱ የወሰነው ነው የሚል ነበር። በዚህ አነጋገር መሠረት ገዥውን መጠየቅ አላህን መጠየቅ ይሆናል። ተበዳዩ አቤት ሊል የሚችልበት ቦታ አይኖረውም። ቀደር የእምነት ማዕዘን መሆኑ ቀርቶ የቤተ መንግሥት አጥር ሆነ።

መዕበድ አል-ጁሀኒ የተባለው የበስራ ሰው ከአንድ ጓደኛው ጋር ወደ ሐሰን መጥቶ ይህንኑ ነገር እንዳቀረበላቸው ተዘግቧል። እነዚህ ነገሥታት የሙስሊሞችን ደም ያፈሳሉ፣ ገንዘባቸውን ይወስዳሉ፣ ሥራችን በአላህ ቀደር የሚሄድ ነው ይላሉ ብሎ ጠየቃቸው። የሐሰን መልስ አጭር ነበር። የአላህ ጠላቶች ዋሽተዋል የሚል ፍቺ ያለው ነው። በዚያ ዘመን ይህን መናገር አንገትን መስጠት ነበር። መዕበድ ራሱ በኋላ በመንግሥቱ እጅ ተገድሏል።

ኸሊፋው ዐብዱልመሊክ ኢብኑ መርዋን (የገዛው ከ65 እስከ 86 ዓመተ ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. ከ685 እስከ 705) ስለ ቀደር የሚሉትን ሰምቶ በጽሑፍ እንዲያብራሩ ጠየቃቸው፤ እርሳቸውም መልስ ጻፉ ይባላል። በስማቸው የሚታወቀው ይህ ሪሳላ ዛሬም አለ። ከዘመናችን ተመራማሪዎች አንዳንዶቹ ጽሑፉ ከእርሳቸው በኋላ የተዘጋጀ ነው ብለው ይከራከራሉ። ይሁን እንጂ በውስጡ ያለው ሐሳብ በበስራ በዚያ ዘመን ከተነሳው ክርክር ጋር የሚገጥም ነው።

ሪሳላው የሚከራከረው በቁርኣን ነው። አላህ ጂንንና ሰውን የፈጠረው እንዲገዙት ከሆነ፣ ለዚህ ፈጥሯቸው ከዚሁ የሚያግዳቸው እንዴት ነው? አላህ ለባሮቹ ክህደትን እንደማይወድ በሱረቱ ዙመር ከተናገረ፣ የማይወደውን ራሱ ያስገድዳል ማለት እንዴት ይቻላል? የአላህ ዕውቀትም አስገዳጅ አይደለም፤ አላህ ባሪያው ምን እንደሚመርጥ ያውቃል፣ የሚያውቀውም ባሪያው የሚመርጠውን ነው።

ከሁሉም በላይ እኔን የሚገርመኝ ግን ሪሳላው ከገበያ ያመጣው ምሳሌ ነው። ሰዎች በዱንያ ጉዳይ ላይ በቀደር አይመኩም ይላል። የተወሰነ ካልሆነ አይሰረቅም ብሎ የሱቁን በር ከፍቶ የሚያድር የለም። የተጻፈልኝ ከሆነ ይበቅላል ብሎ ማሳውን ሳያጠጣ የሚቀመጥ የለም። ከብቱን ሳያስር የሚተው የለም። ለሃይማኖቱ ጉዳይ ሲሆን ግን ወዲያው ቀደርን ያነሳል። ይህ ነገር ከ1300 ዓመት በኋላ በእኛ መንደር ቢነገር ማን ይከፋዋል? ለገንዘባችን ስንሆን ሁላችንም በጥረት እናምናለን። ሶላታችንን ስናሳልፍ፣ የሰው ሐቅ ስንበላ ብቻ ነው አላህ ያላለው አይሆንም የምንለው።

ይህን ሳስብ የሱረቱል አዕራፍ ታሪክ ይታወሰኛል። ኢብሊስም አደም (ዐ.ሰ.) ሁለቱም ትእዛዝ ጥሰዋል። ኢብሊስ ያጠመመኝ አንተ ነህ ብሎ ጥፋቱን ወደ አላህ አስጠጋ። አደምና ሐዋ ግን ነፍሳችንን በድለናል ብለው ምሕረት ለመኑ። እንግዲህ በሰው ልጅ ታሪክ የመጀመሪያው ዱዓ የመጣው ጥፋትን ከማመን ነው። ጥፋቱን ወደ አላህ የሚያስጠጋ ሰው የሚለምነው ነገር የለውም፤ ምን ብሎ ማረኝ ይላል?

ሌላው ጠርዝ

ከዚህ ተነስቶ ሐሰን የአላህን ቀደር ክደዋል የሚል ካለ ተሳስቷል። በእርግጥ ንግግራቸው አንዳንድ ዑለማኦችን አሳስቧል። ታላቁ የሐዲስ ሊቅ አዩብ አስ-ሰኽቲያኒ በዚህ ጉዳይ ደጋግመው እንደተነጋገሯቸውና ሐሰንም ከዚያ በኋላ ወደዚያ ንግግር እንደማይመለሱ እንደገለጹላቸው ተዘግቧል። ቀደርን የካደ ሰው ከኢስላም ይወጣል ማለታቸውም ከእርሳቸው ተላልፏል። በኋላ ዘመን ሙዕተዚላዎች የእኛ ናቸው አሉ፤ አህሉ ሱናዎች የእኛ ናቸው አሉ፤ ሱፊዮችም ሰንሰለታቸውን በእርሳቸው በኩል አሳለፉ። ሁሉም የሚሻማባቸው ሰው በአንድ ጠርዝ ላይ የቆመ ሊሆን አይችልም።

ሙዕተዚላ የሚለው ስም ራሱ የተያያዘው ከእርሳቸው መጅሊስ ጋር ነው። ከተማሪዎቻቸው አንዱ የነበረው ዋሲል ኢብኑ ዐጧእ፣ ከባድ ኃጢአት የሠራ ሙስሊም አማኝም ከሓዲም አይባልም፣ በሁለቱ መካከል ነው ብሎ ከጉባኤያቸው ተነጥሎ በሌላ የመስጂዱ ምሰሶ ሥር እንደተቀመጠ ይተረካል። የእርሱ ተከታዮች ከጊዜ በኋላ የአላህን ፍትሕ ከሁሉም አስቀደሙ። ሰው የሥራው ፈጣሪ ራሱ ነው አሉ። ዓላማቸው አላህን ከበደል ማጥራት ነበር፤ ይህ የሚናቅ ዓላማ አይደለም። ሙዕተዚላዎችም ይሰግዱና ይለምኑ ነበር። ነገር ግን ሰው የሥራው ፈጣሪ ራሱ ነው ከተባለ፣ ባሪያው አላህን ልቤን አቅናልኝ፣ በጽናት አቁመኝ ብሎ ሲለምን ምን እየጠየቀ ነው? በሶላታችን በየረከዓው በፋቲሓ ውስጥ የምንለምነው እኮ ቀጥተኛውን መንገድ እንዲመራን ነው። ልባችን በአላህ እጅ ካልሆነ ይህ ልመና ፍቺው ይሳሳል።

በሌላው በኩል የጀህም ኢብኑ ሶፍዋን ተከታዮች ሰው በነፋስ እንደሚወዛወዝ ነገር ነው፣ ምርጫ የለውም አሉ። በዚህ አነጋገር ደግሞ ትእዛዝም፣ ቅጣትም፣ ዱዓም ትርጉም ያጣል። ከሐሰን ሞት 150 ዓመት ገደማ በኋላ በዚያችው በበስራ የተወለዱት አቡል ሐሰን አል-አሽዐሪ መጀመሪያ ሙዕተዚላ ነበሩ፤ በኋላ ትተውት አላህ የሁሉ ነገር ፈጣሪ ነው፣ ባሪያው ደግሞ ሥራውን ይቀስባል፣ በቀሰበውም ይጠየቃል የሚለውን ማብራሪያ አስፋፉ። ዑለማኦች ዝርዝሩን እስከ ዛሬ ይማሩታል። ለእኔና ለአንባቢዬ የሚበቃን ግን ሐሰን የቆሙበት ቦታ ነው። ይኸውም በደሌን በአላህ አላላክክም፤ መልካም ሥራዬንም ያለ አላህ እርዳታ አልሠራውም የሚል ነው።

ሐጃጅና ዱዓ

ይህ አቋም የተፈተነው በመጅሊስ ሳይሆን በሐጃጅ ዘመን ነው። ሐጃጅ ኢብኑ ዩሱፍ በ75 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ694) የኢራቅ ገዥ ሆኖ ተሾመ። ጭካኔው የታወቀ ነው። ከ81 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. ከ700) ጀምሮ ኢብኑል አሽዐስ የተባለ የጦር አዛዥ ሲያምፅበት ብዙ የቁርኣን ቃሪኦችና ዑለማኦች ተከተሉት። ሐሰንም እንዲወጡ ተጠየቁ፤ ተለመኑም። እርሳቸው ግን እምቢ አሉ። በግድ ሊያወጧቸው በሞከሩ ጊዜ ወንዝ ውስጥ ዘለው እንዳመለጡ ተዘግቧል።

ምክንያታቸው ምን ነበር? ሐጃጅ በሕዝቡ ኃጢአት የመጣ የአላህ ቅጣት ከሆነ የአላህን ቅጣት በሰይፍ አትመልሱትም፤ በተውበትና በመዋደቅ አላህን ለምኑት የሚል ነበር። እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ ይጠይቃል። ትናንት ገዥዎች በደላቸውን በአላህ ቀደር ሲያመካኙ ዋሽተዋል ያሉ ሰው ዛሬ ሐጃጅን የአላህ ቅጣት ነው ማለታቸው እንዴት ነው? ይህ ራሱ የገዥዎቹን አነጋገር መቀበል አይሆንም ወይ?

ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ እኔም ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ልዩነቱ ንግግሩ ወደ ማን እንደተነገረ ላይ ነው። ገዥው ቀደር ሲል ራሱን ነፃ ለማውጣት ነው። ሐሰን ግን ያንን ያሉት ለሕዝቡ ነው፤ እያንዳንዱ ወደ ራሱ እንዲመለከት። ሐጃጅን ነፃ ለማውጣት አልተናገሩም። በፊቱ ቆመው አውግዘውታልና። በዋሲጥ ከተማ ቤተ መንግሥት ሠርቶ ሕዝቡ መጥቶ እንዲያየው ባደረገ ጊዜ ሐሰን ሄደው ለተሰበሰበው ሰው ስለ ፈርዖን ግንባታና ስለ መጨረሻው እንደተናገሩ ይተረካል። ሐጃጅም ሊያስገድላቸው አስጠራቸው። ወደ በሩ ሲደርሱ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ታየ። ከገቡ በኋላ ግን ሐጃጅ አጠገቡ አስቀመጣቸው፣ ጺማቸውን ሽቶ ቀብቶ በክብር ሸኛቸው። በረኛው ተከትሎ ምን ብለው እንደነበር ቢጠይቃቸው፣ እሳቱን ለኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ብርድና ሰላም እንዳደረገው የሐጃጅንም ቁጣ እንዲሁ እንዲያደርግላቸው አላህን እንደለመኑ ነገሩት ይባላል። ይህ ትረካ በብዙ ኪታቦች ይገኛል። ልብ እንበል፤ ሐሰን ዱዓ አድርገው ቤታቸው አልተቀመጡም። እውነቱን ተናገሩ፣ ከዚያም ለመኑ።

በሌላ በኩል ከኢብኑል አሽዐስ ጋር የወጡትን ዑለማኦች መንቀፍ አይገባንም። ታላቁ ታቢዒ ሰዒድ ኢብኑ ጁበይር አንዱ ነበሩ፤ ዓመታት ተደብቀው ከቆዩ በኋላ በ95 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ714) በሐጃጅ ትእዛዝ ተገደሉ። እርሳቸውም ዱዓን ያውቁ ነበር፤ እርሳቸውም ቀደርን ያምኑ ነበር። ሁለት ታላላቅ ሰዎች በአንድ ዘመን፣ በአንድ በደል ፊት፣ የተለያየ መንገድ መረጡ። ይህም ቢሆን ምርጫ መኖሩን የሚያሳይ ነው። አመፁ ግን በ83 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ702) ገደማ ተደመሰሰ፤ ብዙ ሺህ ሰው አለቀ፤ ሐጃጅ በሥልጣኑ ቀረ። ሐሰን ከፈሩት አንዱ ይህ ነበር።

እርሳቸውም ቢሆኑ ከችግር አልዳኑም። ከ86 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. ከ705) ጀምሮ ሐጃጅ እስኪሞት ድረስ ለዓመታት ተሸሽገው ኖሩ። የሞቱን ዜና ሲሰሙም ሱጁድ ወርደው፣ ሰውየውን እንደወሰደ ሁሉ የጀመረውንም ክፉ ልማድ እንዲወስድ አላህን እንደለመኑ ይነገራል። ይህን ዱዓ ደጋግሞ ማሰብ ያስፈልጋል። በዳይ መሞቱ ብቻ አይበቃም፤ የበደል ልማዱ በእኛው ውስጥ ቀርቶ እንደሆነስ?

ኢስቲግፋር

ሙፈሲሩ አል-ቁርጡቢ በሱረቱ ኑሕ ትርጓሜ ሥር የሚያነሱት አንድ ዘገባ አለ። አንድ ሰው ወደ ሐሰን መጥቶ ድርቅ እንደገባ ተናገረ፤ ኢስቲግፋር አድርግ አሉት። ሌላው ድህነቱን አዋየ፤ እርሱንም እንዲሁ አሉት። ሦስተኛው ልጅ እንዲያገኝ ዱዓ እንዲያደርጉለት ጠየቀ፣ አራተኛው የአትክልቱን መድረቅ ተናገረ፤ ለሁሉም መልሳቸው አንድ ሆነ። በዚህ የተገረመ ሰው ሲጠይቃቸው፣ ይህን ከራሳቸው አምጥተው እንዳልተናገሩና በሱረቱ ኑሕ ውስጥ አላህ ዝናብን፣ ሀብትን፣ ልጆችንና አትክልትን ከኢስቲግፋር ጋር እንዳያያዘ ገለጹለት።

ሐሰን ሁሉንም ወደ አንድ ነገር የመለሱት የሰዎቹን ችግር ቸል ብለው አይደለም። ኢስቲግፋር ጥፋቴን አምኛለሁ ማለት ነው፤ ይህ የነፃ ፈቃድ ምስክርነት ነው። ኢስቲግፋር ማረኝ ማለትም ነው፤ ይህ ደግሞ አላህ ይሰማል፣ ይመልሳል የሚል ምስክርነት ነው። ነፃ ፈቃድና ዱዓ በአንዲት ቃል ተገናኙ።

ታዲያ ሁሉ የተጻፈ ከሆነ ዱዓ ለምን? ሰሐቦችም ይህን የመሰለ ጥያቄ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አቅርበው ነበር። የተጻፈልንን ተማምነን ሥራን እንተው ወይ ሲሏቸው፣ እንዲሠሩ፣ እያንዳንዱም ለተፈጠረበት ነገር እንደሚገራ ነገሯቸው። ዱዓ ቀዷን እንደሚመልስ የሚገልጽ ሐዲስም ቲርሚዚይ ዘግበዋል። ዑለማኦች እንደሚያብራሩት ዱዓ ራሱ ከቀደር ውስጥ ነው፤ ምግብ ለጥጋብ፣ ዘር ለአዝመራ ምክንያት እንደሆነ ሁሉ ዱዓም ምክንያት ነው። በ18 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ639) በሻም አገር ወረርሽኝ ሲገባ ኸሊፋው ኡመር ወደዚያ ሳይገቡ ሰዉን ይዘው ተመለሱ። ከአላህ ቀደር ትሸሻለህ ወይ ሲባሉ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሸሹ መለሱ። መድኃኒቱም፣ ጥንቃቄውም፣ ዱዓውም ቀደር ነው። በሽታው ብቻ ቀደር ነው ያለን ማን ነው?

የመጨረሻ ዘመናቸው

ፍትሐዊው ኸሊፋ ኡመር ኢብኑ ዐብዱልዐዚዝ በ99 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. በ717) ሲነግሡ ሐሰን ለጥቂት ጊዜ የበስራ ቃዲ ሆኑ፤ ከኸሊፋውም ጋር ይጻጻፉ ነበር። በዳይ ገዥን በሰይፍ ያልተዋጉት ሰው ፍትሐዊ ገዥ ሲመጣ ከማገዝ አልተቆጠቡም። ኡመር ካረፉ በኋላ የዚድ ኢብኑል ሙሀለብ በበስራ አመፅ ሲያነሳ ግን አሁንም በአደባባይ ተቃወሙ።

ሐሰን በ110 ዓመተ ሂጅራ፣ በረጀብ ወር መግቢያ (እ.ኤ.አ. ጥቅምት 728) አረፉ። የተቀበሩት ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ነው። የከተማው ሕዝብ በሙሉ ቀብሩን ተከትሎ ስለወጣ በዚያ ቀን በበስራ ታላቁ መስጂድ የዐስር ሶላት ሳይሰገድ መቅረቱ ተዘግቧል። ኡሙ ሰለማ ያቀፉት የምርኮኛው ልጅ በሰዎች ዘንድ ተወዳጅ እንዲሆን ኡመር የለመኑለት ዱዓ ተሰምቶ ነበር ማለት ነው።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ነገር አንድ ነው። አላህን እንዴት እንደምናስበው ሥራችንን ይወስናል። አላህን አስገዳጅ አድርጎ ያሰበ ሰው በደሉን አይክስም፤ ሹፌሩ የሟችን ቤተሰብ ይቅርታ አይጠይቅም፤ አባትየውም ልጁን ፍለጋ አይወጣም። አላህን ሩቅ አድርጎ ያሰበ ሰው ደግሞ ጉልበቱ ያለቀ ዕለት የሚይዘው ያጣል። ሐሰን የኖሩበት መንገድ ከሁለቱም ይለያል። ያጠፋ ሰው መጀመሪያ እኔ ነኝ ይበል። የወሰደውን ይመልስ። ከዚያ እጁን ያንሳና ይለምን። ዱዓው ካልተመለሰለትም ሐሰን በሐጃጅ ዘመን ያሳለፏቸውን ዓመታት ያስታውስ፤ ዘግይቶ የመጣ መልስም መልስ ነው።

ቀደር ነው የሚለውን ቃል ከአፋችን ማውጣት የለብንም፤ የኢማናችን ክፍል ነው። ቦታውን ግን እንወቅለት። ቦታው በሙሲባ ጊዜ ልብን ማጽናት ነው። ለወንጀል ማመካኛ ሲሆን ገዥዎቹ ያሉትን መድገም ነው፤ ለእነርሱ ደግሞ ሐሰን መልሱን ሰጥተዋል።

አላህ ጥፋታችንን የምናምን፣ የሰውን ሐቅ የምንመልስ፣ ከደጁም የማንጠፋ ባሮቹ ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።